ፀሐይን በ12 መንገድ፦ አማርኛን በኮምፒውተርና በስልክ ለሚፈልጉ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ተውኔቶች ይፈልግ ነበር። በኮምፒውተሩ መፈለጊያ ላይ «ፀጋዬ ገ/መድህን» ብሎ ጻፈ። «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ መጣለት። ደግሞ ጻፈ፤ ያው መልስ። ወደ እኔ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ የሎሬት ጸጋዬ ሥራዎች እዚህ የሉም እንዴ?» አለኝ። «አሉ እንጂ! እስቲ በጸሎቱ ጸ ጻፈው፤ ገብረን አታሳጥረው፤ መድኅንን ደግሞ በብዙኃኑ ኅ አድርገው» አልሁት። እንዳልሁት አደረገ፤ ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች ወረደ።

ልጁ ደስ ብሎት ሥራውን ቀጠለ። እኔን ግን ነገሩ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ባይጠይቀኝ ኖሮ «የለም» የሚለውን አምኖ ይሄድ ነበር። ስንቱ እንዲህ አምኖ ሄዷል? መዝገቡ እያለ የለም የተባለ ባለጉዳይ አለ። አዋጁ ወጥቶ ሳለ ፈልጎ ያጣው ነጋዴ አለ። ስለ ልጇ ሕመም የተጻፈ ጥሩ ምክር እያለ ሳታነበው የቀረች እናት አለች። ችግሩ የሰዎቹ አይደለም፤ ፊደላችንና ማሽኑ ገና በደንብ አልተዋወቁም። እስኪተዋወቁ ድረስ ፈላጊው ራሱ የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ። የማውቀውን ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።

ማሽኑ ያያል እንጂ አይሰማም

ጎግልም ይሁን የአንድ መሥሪያ ቤት ትንሽ የመዝገብ መፈለጊያ፣ እርስዎ በጠየቁ ቁጥር ሰነዱን ሁሉ እያገላበጠ አያነብም። አስቀድሞ አንብቦ፣ ቃል በቃል ከፋፍሎ፣ በመጽሐፍ መጨረሻ እንደምናየው ያለ ማውጫ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ይህ ቃል በእነዚህ ገጾች ላይ አለ፣ ያኛው ደግሞ በእነዚያ የሚል ማውጫ ነው። እርስዎ ሲጽፉ የጻፉትን ከዚህ ማውጫ ጋር ያስተያያል። በማውጫው ውስጥ ቃሉ የተቀመጠው በድምፁ ሳይሆን በፊደላቱ ቁጥር ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ኮምፒውተር በሚጠቀምበት በአሥራ ስድስት መደብ አቆጣጠር ሀሌታው ሀ 1200፣ ሐመሩ ሐ 1210፣ ብዙኃኑ ኀ 1280 ነው። ንጉሡ ሠ 1220፣ እሳቱ ሰ 1230፤ ጸሎቱ ጸ 1338፣ ፀሐዩ ፀ 1340። ለእኔና ለእርስዎ ጆሮ አንድ የሆኑት እነዚህ ሞክሼ ፊደላት ለማሽኑ የማይገናኙ ቁጥሮች ናቸው።

ዩኒኮድ ለየብቻ ማስቀመጡ ልክ ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ሀንና ሐን፣ አንና ዐን በአፉ ለይቶ ይናገራል። በግዕዝ ሰአለ ለመነ ማለት ነው፤ ሠዐለ ደግሞ ሥዕል ሣለ። ፊደል ይቀነስ የሚለው የቆየ ክርክር ለፍለጋ መድኃኒት አይሆንም። ነገ ቢቀነስ እንኳ እስከ ዛሬ የተጻፈው ሁሉ እንደ ተጻፈ ይኖራል።

እስቲ ፀሐይን እንቁጠራት። የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ ነው፤ ሁለት ምርጫ። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ የእነዚህ ፊደላት ግዕዝና ራብዕ አንድ ዓይነት ስለሚነበቡ ምርጫው ስድስት ነው። ሁለት በስድስት 12። ሦስት ፊደል ብቻ ያላት ቃል፣ አንድ ንባብ፣ 12 አጻጻፍ። ኃይለ ሥላሴ ብንል ለኃ ስድስት፣ ለሥ ሁለት፣ ለሴ ሁለት፣ ተለያይቶ ወይም ተጋጥሞ ለመጻፍ ሁለት፤ 48 ይደርሳል። ያ ተማሪ የፈለገው ስምስ? ጸ ወይም ፀ፤ ጋዬ ወይም ጋየ፤ ገብረ ተለይቶ፣ ተጋጥሞ ወይም ገ/ ተብሎ፤ መድኅን በኅ፣ በህ ወይም በሕ። 36 ነው። እሱ የሞከረው አንዱን ነበር።

ሦስት ሙከራ

ሠላሳ ስድስቱንም ይጻፉ አልልም። ሰው በተግባር የሚጽፈው ከእነዚህ ጥቂቱን ነውና ሦስት ሙከራ አብዛኛውን ይይዛል።

መጀመሪያ የጥንቃቄውን አጻጻፍ ይሞክሩ። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት፣ መዝገበ ቃላትና ጠንቃቃ አሳታሚ የሚጠቀሙበትን ማለቴ ነው፦ ፀሐይ፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ሠራተኛ፣ ዓለም፣ ምሕረት። ቀጥሎ የችኮላውን ይሞክሩ። ሰው በስልክ ሲጽፍ መጀመሪያ የሚመጣለትን ፊደል ይወስዳል፤ ስለዚህ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ሐና ኀ ወደ ሀ ይሄዳሉ፦ ፀሀይ፣ ሀይለስላሴ፣ ሰራተኛ፣ አለም፣ ምህረት። ሦስተኛው የቅልቅሉ ነው፤ ከቃሉ አንዱን ፊደል በጥንቃቄ፣ ሌላውን በችኮላ፦ ሃይለ ሥላሴ፣ ጸሀይ፣ ሠራተኛ አለም። ዜና ድረ ገጾች ላይ የሚበዛው ይህኛው ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስም ሲሆን ክፍተቱንም አይርሱ። ገብረ ማርያም፣ ገብረማርያም፣ ገ/ማርያም፣ ገብረ ማሪያም፤ አራቱም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ጐንደርና ጎንደር፣ ቈላና ቆላ፣ በልቷልና በልቱዋልም እንዲሁ ናቸው። የውጭ ቃላት ከሆኑ ደግሞ ማብቂያ የለውም፦ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒቨርስቲ፣ ዩንቨርስቲ፤ ኮምፒውተር፣ ኮምፒዩተር፤ ጎግል ራሱ ጉግልም ይባላል።

ተውጦ የሚጻፍ አናባቢም አለ። የደስታ ተክለ ወልድ ታላቅ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተም ርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነበር። ዐዲስ በዐይኑ ዐ፤ «የአማርኛ» ተውጦ «ያማርኛ»። ዛሬ አንድ ሰው «አዲስ የአማርኛ መዝገበ ቃላት» ብሎ ቢፈልግ ከሁለቱ የመጀመሪያ ቃላት አንዱም በፊደል አይገጥምለትም። የአማርኛ ቃላትን ሊሰበስብ ዕድሜውን የሰጠ ሊቅ መጽሐፍ በአማርኛ ተፈልጎ ሲታጣ ያሳዝናል።

ትልልቆቹ የፍለጋ ሞተሮች ምን ያደርጋሉ?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ራስል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1918 ሳውንዴክስ ለሚባለው ዘዴ የፈጠራ መብት አግኝቷል። ዘዴው የቤተሰብ ስምን በድምፁ ወደ አጭር ምልክት ይለውጣል፤ የተለያየ ፊደል ይዘው አንድ የሚመስሉ ስሞች በአንድ መዝገብ ሥር ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 ፍሬደሪክ ዳመራው የተየባ ስሕተቶችን መርምሮ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንድ ፊደል በመጨመር፣ በመቀነስ፣ በመለወጥ ወይም ሁለት ጎረቤት ፊደላት ቦታ በመለዋወጣቸው የሚመጡ መሆናቸውን አሳየ። በዓመቱ ሶቪየታዊው የሒሳብ ሊቅ ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን የሁለት ቃላትን ርቀት ከእነዚህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ለውጦች ብዛት መለካት የሚቻልበትን መንገድ አቀረበ። «ይህን ማለትዎ ነው?» የሚሉን ፕሮግራሞች ዛሬም በዚህ መሠረት ላይ ቆመው፣ ሚሊዮኖች የጻፉትን እያዩ ይገምታሉ።

አማርኛ ላይ ሲመጣ ግን መለኪያው ይንሻፈፋል። በዓለም ዙሪያ ብዙ ድርጅቶች የሚጠቀሙበትን ኤላስቲክሰርች የተባለ የፍለጋ ፕሮግራም እንውሰድ። የስሕተት መቻያውን በራሱ እንዲወስን ሲያደርጉት እስከ ሁለት ፊደል ላለው ቃል ምንም ስሕተት አይፈቅድም፤ ከሦስት እስከ አምስት ፊደል ላለው አንድ፣ ከዚያ ለሚረዝም ሁለት ስሕተት ይፈቅዳል። በላቲን ፊደል ለሚጻፍ ቋንቋ ይህ ምክንያታዊ ነው። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢና አናባቢን በአንድ አዝሎ ስለሚሄድ ቃሎቻችን በቁጥር አጫጭር ናቸው። ፀሐይ ሦስት ፊደል ናት፤ አንድ ስሕተት ብቻ ይፈቀድላታል። ጸሃይ ብሎ የጻፈ ሁለት ለወጠ፤ ቀረበት። በሌላ በኩል ቤት፣ ሴት፣ ፊትና ሞት እርስ በርሳቸው የሚራራቁት በአንድ ፊደል ብቻ ነው። መቻያውን ያላሉት እንደሆነ ቤት ለፈለገ ሞት ይመጣለታል።

ስለዚህ የማስጠንቅቀው ይህን ነው። ማሽኑ አርሞ ያመጣልዎትን ዝም ብለው አይመኑ፤ በተለይ ምህጻረ ቃል ሲሆን። ኢሰመኮ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነው። ኢሰመጉ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ ነው። ኢሠማኮ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ነው። የመጀመሪያው በአዋጅ የተቋቋመ የመንግሥት ተቋም፣ ሁለተኛው ከመንግሥት ውጭ የሆነ የመብት ተሟጋች፣ ሦስተኛው የሠራተኞች ድምፅ። ኢሰመኮና ኢሰመጉ በአንድ ፊደል ይለያያሉ። የኢሠማኮን «ሠ» ወደ «ሰ» ብንለውጠው ከኢሰመኮ የሚለየው «መ» «ማ» በመሆኑ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አራሚው አርሞ አያግዝም፤ አንዱን ተቋም በሌላው ይተካል። ምህጻረ ቃል ሲፈልጉ ሁልጊዜ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያስገቡት፤ ጎግልን በመሰለው ሞተር ጥቅሱ «እንደ ጻፍሁት ፈልግ» የሚል ትእዛዝ ነው። ከውጭው ደግሞ ከሙሉ ስሙ አንድ ልዩ ቃል ይጨምሩ፦ ኮሚሽን፣ ጉባኤ ወይም ኮንፌዴሬሽን።

እዝባር፣ ነጥብና ሙሉ ቃል

ከምህጻረ ቃላችን ብዙውን ችግር የሚያመጣው እዝባሩ (/) ነው። አብዛኞቹ የፍለጋ ፕሮግራሞች እዝባር ሲያዩ ቃሉን እዚያው ይቆርጡታል። ት/ቤት ለእነሱ «ት» እና «ቤት» የተባሉ ሁለት ቃላት ነው። ት ምንም አይነግራቸውም፤ ቤት ግን የኪራይ ቤቱን፣ ምግብ ቤቱን፣ ፍርድ ቤቱን ሁሉ ይጠራል። ኃ/የተ/የግ/ማ አራት ቦታ ይበጣጠሳል። በፊደላት መካከል ያለ ነጥብ ግን ብዙ ጊዜ አይቆርጥም፤ ዓ.ም. አንድ ቃል ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህም ዓ.ም.፣ ዓም እና ዓመተ ምሕረት በማውጫው ላይ ሦስት የማይተዋወቁ ነገሮች ናቸው።

የሚያስቸግረው እዝባሩ የደበቀው ቃል አንድ አለመሆኑ ነው። ም/ቤት ምክር ቤት ነው፤ ም/ከንቲባ ግን ምክትል ከንቲባ። ወ/ሮ ወይዘሮ፤ ወ/ጊዮርጊስ ወልደ ጊዮርጊስ። ተ/ማርያም የሚባል ሰው ተክለ ማርያም ይሁን ተስፋ ማርያም ከወረቀቱ ላይ አይታወቅም፤ ባለቤቱ መጠየቅ አለበት። ሰው ከዙሪያው አይቶ ይፈታዋል። ማሽኑም ከዙሪያው መፍታት ይችላል፤ ግን በዚያ ቋንቋ ብዙ ያነበበ ከሆነ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሙሉውን ይጻፉ፦ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ምክትል ከንቲባ። ያልተገኘ እንደሆነ አጭሩን በጥቅስ ምልክት ይሞክሩ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመጠየቅ በመካከላቸው «ወይም» ማለት የሆነውን ኦር የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትልልቅ የላቲን ፊደላት ይጻፉ፤ ጎግል ያውቀዋል። በአማርኛ «ወይም» ብለው ቢጽፉ ግን እንደ ትእዛዝ አይወስደውም።

አንዳንዱ ተቋም ሁለት አጭር ስም አለው፤ አንዱ ከአማርኛው፣ ሌላው ከእንግሊዝኛው ፊደላት አጠራር የመጣ። ተመድና ዩኤን አንድ ናቸው። መያድና ኤንጂኦም እንዲሁ። ኤችአይቪ ደግሞ ተጋጥሞ፣ በነጥብ ተለይቶ፣ በባዶ ቦታ ተለይቶ ይጻፋል፤ ሦስቱንም ይሞክሩ። መሥሪያ ቤት ስሙን ለውጦ ከሆነ የድሮውም ስም ፍለጋው ውስጥ ይግባ፤ የ20 ዓመት ሰነድ በዛሬው ስም አይገኝም።

ነቀርሳና ካንሰር

ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ክፍል ነው፤ ጤና ስለሚነካ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጽሑፍ ተመሳሳይ ፍቺ ያላቸውን ቃላት ማገናኘቱ ከመቶ ፍለጋ 70 ያህሉን እንደሚነካ ገልጿል። ይህን የሚማረው ከተጻፈ ጽሑፍ ብዛት ነው፤ ሁለት ቃላት በአንድ ዓይነት ዙሪያ ደጋግመው ሲገኙ ዘመድ መሆናቸውን ይረዳል። በአማርኛ በኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት በመሆኑ የሚማረውም ጥቂት ነው። ዝምድናውን ማወቅ የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

ነቀርሳ ካንሰር ማለት ነው፤ የጡት ነቀርሳ ሲባል የጡት ካንሰር ነው። ታዲያ ነቀርሳን በካንሰር የተካ ማሽን «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ምን ያመጣል? የሳንባ ካንሰር። የሳንባ ነቀርሳ ግን ቲቢ ነው፤ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በመድኃኒት የሚድን ሌላ በሽታ። ሐኪም «የሳንባ ነቀርሳ አለብህ» ያለው ሰው ስልኩን አውጥቶ ሲፈልግ ስለ ካንሰር ቢያነብ ምን ዓይነት ሌሊት እንደሚያድር ያስቡት። ቃል ለብቻው ሲቆምና ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር አንድ አይደለም። ስለዚህ የበሽታ ስም ሲፈልጉ ሙሉውን ሐረግ በጥቅስ ይጻፉ፤ ሁለተኛ ስሙን ከጎኑ ያክሉ፦ «የሳንባ ነቀርሳ» ቲቢ።

የሚቀራረቡ ግን የማይተካኩ ስሞችም አሉ። አተት፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ የሕመሙን ምልክት የሚገልጽ ስም ነው፤ ኮሌራ የአንድ የታወቀ በሽታ ስም ነው። አንድ አይደሉም። ሆኖም ስለ አንዱ የሚፈልግ ሰው ሌላውንም ካልፈለገ ከተጻፈው ግማሹ ያመልጠዋል።

በሽታን ትተን ወደ ቢሮ ስንሄድ የሚቸግረን የሕዝቡ ቃልና የመንግሥት ቃል አለመገናኘታቸው ነው። እኛ መንጃ ፈቃድ እንላለን፤ አዋጁ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ይላል። እኛ የቤት ካርታ እንላለን፤ ሰነዱ የይዞታ ማረጋገጫ ይላል። እኛ መኪና፣ እነሱ ተሽከርካሪ። እኛ ደሞዝ፣ እነሱ ደመወዝ። ሕግና መመሪያ ሲፈልጉ በመንግሥት ቃል ይጻፉ። ሰዎች እንዴት ጉዳያቸውን እንደ ጨረሱ የጻፉትን ሲፈልጉ ደግሞ በሰፈር ቃል። ቃሉን የማያውቁት ከሆነ የሰፈሩን ቃል ጽፈው የመጀመሪያውን ዜና ይክፈቱ፤ የመንግሥቱ ቃል ከውስጡ ይገኛል። እሱን ይዘው እንደገና ይፈልጉ። እኔ ይህን ሁለት ደረጃ ሳላደርግ አዋጅ ፈልጌ አላውቅም።

የመጨረሻውን ፊደል መቁረጥ

አንድ ረጅም ሰነድ ከፍተው በውስጡ ቃል ሲፈልጉ፣ ኮንትሮልና ኤፍን ተጭነው ማለቴ ነው፣ ይህን ያስታውሱ። አማርኛ ቅጥያ ሲጨምር የመጨረሻው ፊደል መልኩን ይለውጣል። ቤት ቤቱ ሲሆን ትው ቱ ይሆናል፤ «ቤት» የሚል ፍለጋ «ቤቱ»ን አያገኝም። ስለዚህ የመጨረሻውን ፊደል ቆርጠው ይፈልጉ። ትምህርት ሳይሆን «ትምህር» ይበሉ፤ ትምህርቱ፣ ትምህርቶች፣ በትምህርታቸው፣ ሁሉም ይወጣሉ። መጽሐፍ ሲሆን «መጽሐ»፤ ግን ብዙ ቁጥሩ መጻሕፍት ስለሚሆን «መጻሕ» ብለው ሁለተኛ ጊዜ ይሂዱበት። ሞክሼ ፊደል ያለበትን ቦታ ራሱን መዝለልም ይቻላል፤ ኃይለ ሥላሴን ሲፈልጉ «ላሴ» ብቻ ቢጽፉ ከላይ ከቆጠርናቸው 48 ውስጥ ሃያ አራቱን በአንድ ምት ያገኛሉ፤ «ላሤ» የሚለው ደግሞ ቀሪዎቹን።

በጎግል ላይ ግን ቃል አይቁረጡ። እዚያ የሚገጥመው ሙሉ ቃል ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ፊት የሚለጠፈውን መለዋወጥ ነው፦ ኢትዮጵያ፣ የኢትዮጵያ፣ በኢትዮጵያ። ትናንሽ መፈለጊያዎች «የ»ን አውልቀው መፈለግ ብዙ ጊዜ አያውቁም።

ዓመትም እንደ ፊደል ያሳስታል። 2013 ዓ.ም. የሆነውን የውጭ ጽሑፍ 2020 ወይም 2021 ይለዋል፤ አዲስ ዓመታችን መስከረም ላይ ስለሚገባ ሁለቱንም ይሞክሩ። በድሮ መጻሕፍት ላይ ደግሞ ፲፱፻፷፮ ተብሎ የተጻፈው ለማሽኑ 1966 አይደለም። ግርማ ያለውን የግዕዝ ቁጥር ስልኩ ላይ ፈልገው ይተይቡት።

ጽሑፉ እያለ የማይታይ ሲሆን

ይህን ሁሉ ሞክረው ካልተገኘ ሰነዱ ራሱ ተቆልፎ ይሆናል። ከዩኒኮድ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች የተጻፈ እጅግ ብዙ ጽሑፍ አለ። በብዙዎቹ ውስጥ ሰነዱ ላይ አማርኛ ቢታይም ውስጡ የላቲን ፊደል ነው። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ከሰነዱ አንድ ቃል ገልብጠው ስልክዎ ማስታወሻ ላይ ይለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከተለጠፈ ደህና፤ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ የፍለጋ ሞተሩም የሚያየው ያንኑ ነው። ምንም ካልተገለበጠ ደግሞ ፎቶ ነው። ፎቶውን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ በነጻ የሚገኘው ቴሰራክት አማርኛ ያነባል። ለን ከሰ፣ ሰን ከስ ማምታታቱ ስለማይቀር ያነበበውን ይመልከቱት።

ለሚጽፉና መዝገብ ለሚይዙ

እስካሁን ያልሁት ለፈላጊው ነው። ጽሑፍ የሚያወጡ ከሆነ አንባቢዎን ከዚህ ድካም ማሳረፍ ይችላሉ። ምህጻረ ቃልን መጀመሪያ ሲያነሱ ሙሉ ስሙን አብረው ይጻፉ። የመንግሥቱን ቃል ሲጠቀሙ የሰፈሩን ቃል አንድ ጊዜ ጣል ያድርጉበት። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንድ አጻጻፍ ይያዙ፤ ርእሱ ላይ ግን እዝባር አይጠቀሙ፣ ት/ቤት ሳይሆን ትምህርት ቤት ይሁን። ፋይል ሲያስቀምጡም «አዲስ ሰነድ 3» አይበሉት።

የመሥሪያ ቤት ወይም የቤተ መጻሕፍት መፈለጊያ የሚሠራ ባለሙያ ከሆኑ ደግሞ ልመናዬ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ስም ሁለት ቦታ ያዘጋጁ። አንዱ ባለቤቱ እንደ ጻፈው የሚታይ፤ በጭራሽ አይነካ፣ የሰው ስም ነውና። ሁለተኛው ለማስተያየት ብቻ የሚያገለግል፤ በእሱ ላይ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ በሰባቱም ቤት ይታጠፉ፤ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ፣ ጐ ወደ ጎ፣ ኰ ወደ ኮ፣ ቈ ወደ ቆ ይግቡ፤ በስም መካከል ያለው ክፍተት ይውጣ። የሚፈልገው ሰው የጻፈውም በዚሁ መንገድ ይታጠፍ፤ አንዱን አጥፎ ሌላውን መተው ካለማጠፍ ይብሳል። የትግርኛና የግዕዝ መዝገብ ካለ ይህ ማጠፊያ አይነካው። በእዝባር የሚያጥሩ ቃላትን ዝርዝር በእጅ ያዘጋጁ፤ ወ/ሮንና ወ/ጊዮርጊስን የሚለይ ይሁን። ተመሳሳይ ቃላትን ሲያገናኙ ረጅሙ ሐረግ ይቅደም፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ከ«ነቀርሳ» በፊት ይታይ። ምህጻረ ቃል ላይ የስሕተት መቻያውን ይዝጉት።

ከዚያም በየወሩ መጨረሻ «ምንም አልተገኘም» የተባሉትን ፍለጋዎች ዝርዝር አውጥተው ይመልከቱ፤ ማጠፊያው ያልያዘው ሁሉ እዚያ ላይ ይታያል። ሥራዎን ለመፈተንም ፀሐይን በ12ቱም አጻጻፍ አንድ በአንድ ይጻፏት። አሥራ ሁለቱም እኩል ቁጥር ያለው ውጤት ካላመጡ የትኛው ፊደል እንደ ቀረ ወዲያው ይታይዎታል።